ደኑ ሄዶ ተመልሶ ነበር

(ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለግብርና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የግብርና ባለሙያዎች፣ መርሐባ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ጭቃ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ በምታገኙት፣ ስሙ ራሱ «ሐይቅ» በሆነው ውሃ ሥር፣ ከእሱ ከፍ ብሎ በተኛው በሐርዲቦ ውሃ ሥር፣ እንዲሁም በየማሳችሁ ዳር ጎርፍ በቦረቦረው ግድግዳ ላይ ስላለው ጭቃና አፈር። ይህን ጭቃ ማንበብ የቻሉ ሰዎች ስለ ወሎ መሬት ያገኙት ነገር በትምህርት ቤት ከተማርነው ጋር አይገጥምም። አለመግጠሙ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ገበሬው የምናስበውን፣ ስለ ተራራው የምናቅደውን ይለውጣል።

ሁላችንም የምናውቀው አንድ ታሪክ አለ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ» የሚለው። በስብሰባ ሰምተነዋል፣ በመማሪያ መጽሐፍ አንብበነዋል፣ በሬዲዮ ተደጋግሞልናል። ከታሪኩ ሥር ፍርድ አለበት፤ አያቶቻችን በአንድና በሁለት ትውልድ ደኑን ጨርሰው ለድርቅ ዳረጉን ይላል። የወሎ ገበሬ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ያ ሁሉ መከራ ከወረደበት በኋላ «መሬቱን ራሱ አራቁቶት ነው» እየተባለ ሲወቀስ ኖሯል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። ምክንያቴን ላስረዳችሁ፤ ከጭቃው እንጀምር።

ሐይቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ውሃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በጥልቁ ቦታ እስከ 88 ሜትር ተለክቷል። ወንዝ ይገባበታል፤ በወንዝ የሚወጣበት ግን የለም። ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ስለሚያጥረው ጭቃውን የሚያተራምሱ ትሎች እምብዛም አይኖሩበትም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚወርደው ደለል ጀበና ውስጥ እንደሚሰክን አተላ ከቀደመው በላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ የሚነካው የለም። ክረምት ከተራራው ያጠበው አፈር፣ ነፋስ ያመጣው አቧራ፣ ሰው ያቃጠለው ቁጥቋጦ ከሰል፣ የዛፉና የሣሩ የአበባ ብናኝ፣ በራሱ በውሃው የበቀለው ዋቅላሚ (አልጌ)፣ ሁሉም እዚያው ይገባል። የታችኛው የጥንቱ ነው፤ የላይኛው የአምናው።

ስለ ሐይቅ አፈጣጠር የአካባቢው ሰው የሚያወራውን ታውቃላችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጣ፤ ዙሪያዋን ያለውን መሬት ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውም እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል፤ ደሴቱ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። የውሃው ከፍታ እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሐይቅ ሰው ከማንም በፊት ያውቃል ማለት ነው። ባለሙያው የሚጨምረው መቼና ምን ያህል የሚለውን ነው።

ጭቃው የሚወጣው እንዲህ ነው። ሁለት ጀልባ ይጣመርና እንጨት ይረበረብበታል፤ በአራት አቅጣጫ መልሕቅ ይጣላል፤ ከመሃሉ ረጅም የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ቱቦ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ቱቦው ውስጥ ጭቃው እንዳይንሸራተት ስቦ የሚይዝ ፒስተን አለ። አንድ ሜትር ይወጣል፣ በፕላስቲክ ይጠቀለላል፣ የላዩና የታቹ ጫፍ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ በዚያው ቀዳዳ የሚቀጥለው ሜትር። ምልክቱ ከተሳሳተ ታሪኩ ተገልብጦ ይነበባል፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚጠነቀቁት ለዚያ ነው። ቤተ ሙከራ ገብቶ ለሁለት ሲሰነጠቅ በዓይን ብቻ ብዙ ይታያል። ጥቁር የሆነው የበሰበሰ እፅዋት የበዛበት ነው፤ ነጣ ያለው ኖራ ነው፤ ቡናማው ከማሳ የታጠበ አፈር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአበባ ብናኙ ነው። ከጭቃው የጣት ጫፍ የምታህል ትወሰዳለች። ኖራው በአንድ አሲድ ይሟሟል፤ የበሰበሰው ነገር በሌላ ይታጠባል፤ አሸዋውና ሸክላው በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይጠፋል። ይህ መስታወት የሚበላ አደገኛ አሲድ ነው፤ ብናኙን ግን አይጎዳውም። የብናኝ ቅርፊት ተፈጥሮ ከሠራቻቸው ጠንካራ ነገሮች አንዱ ነው፤ አየር ባልነካው ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመታትን ሳይበሰብስ ይቆያል። የቀረችው ጠብታ በስላይድ ላይ ሆና በ400 እጥፍ ሲያጎሉባት አንድ ጫካ በዓይናችሁ ፊት ይቆማል። የዝግባ ብናኝ ከሩቅ ያስታውቃል፤ በግራና በቀኙ የአየር ከረጢት አለው፤ ነፋስ እንዲሸከመው ነው። የጥድ ብናኝ ትንሽ፣ ክብ፣ ጌጥ የሌለው ነው፤ ብዙ ጊዜም ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ጀማሪ ተማሪ ሳያየው ያልፋል። የወይራው ላዩ እንደ መረብ ነው። የባሕር ዛፍ ሦስት ማዕዘን ነው። የሣር ደግሞ ክብ ሆኖ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ በዙሪያዋ ቀለበት አለ። እየለዩ ከ300 በላይ ፍሬ ይቆጠራል፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ተብሎ ከሌላ ጥልቀት ሌላ ጠብታ ይወሰዳል፤ እንደገና ይቆጠራል። ዓይን የሚያፈስ ሥራ ነው።

አንድ ችግር አለ፤ ለእኛ አገር የተለየ ችግር ነው። ጤፍ ሣር ነው። ብናኙ ከዱር ሣር ብናኝ በማይክሮስኮፕ አይለይም። ስለዚህ «እዚህ ላይ ጤፍ ተዘራ» ብሎ ከብናኝ ማንበብ አይቻልም። ባለሙያዎቹ የእርሻንና የግጦሽን ዱካ የሚፈልጉት በዘወርዋራ ነው። ደን ሲቀንስ፣ እምቧጮና ጎርጠብ ሲበዙ፣ ከሰል ሲጨምር፣ የታጠበ አፈር ሲመጣ፣ እነዚህ አራቱ አብረው ከታዩ ሰው ገብቷል ይባላል።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል ለምትሉ፣ ሕይወት የነበረው ነገር ሁሉ ሬዲዮካርቦን የሚባል የካርቦን ዓይነት አለበት፤ ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቅጠል ቁራጭ ወይም የከሰል ፍሬ ከጭቃው ከተገኘ ዕድሜው ይለካል፤ እስከ 50,000 ዓመት ድረስ ይሠራል። ኖራ በበዛበት ሐይቅ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ዋቅላሚው ከድንጋይ የመጣ አሮጌ ካርቦን ስለሚመገብ ዕድሜው ከእውነቱ በላይ ያረጀ መስሎ ይወጣል። ለቅርቡ መቶ ዓመት ሌላ ሰዓት አለ፤ በ22 ዓመት ገደማ በግማሽ የሚቀንስ የእርሳስ ዓይነት ነው። የባሕር ዛፍ ብናኝም እንደ ቀን ምልክት ያገለግላል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ፣ ብናኙ ካለበት በላይ ያለው ጭቃ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተቀመጠ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሐይቅና የሐርዲቦ ጭቃ ተቆፍሮ፣ ብናኙና ከሰሉ ተቆጥሮ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥራውን ከሠሩት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመር ይገኝበታል፤ የአገራችንን የጥንት አየር ንብረትና እፅዋት ጥናት ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነው፤ ተማሪዎች ስሙን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ጭቃው የሚያሳየው የ3,000 ዓመት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ከታች፣ የዝግባና የጥድ ደን አለ። ዛሬ ከሐይቅ ዳር ቆማችሁ ወደ ተራራው ስትመለከቱ ያን ደን በዓይነ ሕሊናችሁ ማስቀመጥ ይከብዳችኋል፤ ግን ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ ተመነጠረ። 500 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ! ከዛሬ 2,500 ዓመት በፊት ማለት ነው። በዚያን ዘመን በሰሜን የይሓ ቤተ መቅደስ ተሠርቶ ነበር፤ አክሱም ገና መንግሥት አልሆነችም። ላሊበላ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ የወሎ መስጊዶች፣ ሁሉም ገና ሩቅ ናቸው። የወሎ ገበሬና አርብቶ አደር ግን ምሳሩን ይዞ ሥራ ላይ ነበር።

ደኑን የተካው ክትክታና ሣር ነው። ክትክታን የማታውቁ የላችሁም፤ በተራቆተ ኮረብታ ቀድሞ የሚበቅል፣ ከብት የማይደፍረው ቁጥቋጦ ነው። ያ የክትክታና የሣር መልክዓ ምድር ለ1,800 ዓመት ቆየ። ቁጥሩን አንዴ ቆም ብላችሁ አስቡት። ዛሬ «የተራቆተ» የምንለው ዓይነት ኮረብታ ከአክሱም መነሳት በፊት ጀምሮ እስከ ዛግዌ መንግሥት ፍጻሜ ማግስት ድረስ የዚህ አካባቢ የዕለት ተዕለት መልክ ነበር። ሰው አርሶበታል፣ ከብት አርብቶበታል፣ ኖሮበታል።

ከዚያ የማንጠብቀው ነገር መጣ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደኑ ተመለሰ። ጥድ በዛ፣ ወይራም አብሮት መጣ፤ የደን መልክ እንደገና ታየ። የመጀመሪያው የዝግባና የጥድ ነበር፤ ይኸኛው በዋናነት የጥድ ደን ነው። ያው ተራራ፣ ያው አፈር፣ ሌላ ደን። ቀጥሎ ባለፉት 300 ዓመታት እንደገና ተመነጠረ፤ ከተራራው የሚታጠበውም አፈር ጨመረ።

ለምን ተመለሰ? በዚህ ላይ ክርክር አለ። አንዱ መልስ ዝናብ ነው፤ ከደረቅ ዘመን በኋላ እርጥብ ዘመን መጣ የሚል። ሌላው የሰው ቁጥር መቀነስ ነው፤ መሬቱ ጦም አድሮ ዱሩ ወረሰው የሚል። ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ሲሰሙ ወዲያው ወደ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነቶች ይሮጣሉ፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ቆረጠ ወደሚለው። እኔ ቀኑን ቀድማችሁ እዩት እላለሁ። የኢማም አሕመድ ጦርነት የተካሄደው ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. ነው፤ ደኑ መስፋፋት የጀመረው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በኋላ የመጣ ነገር በፊት ለነበረው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሬዲዮካርቦን በአሥርት ዓመታት ሊሳሳት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ የመመለሱን ጅማሬ ለጦርነቱ ማስረከብ አይቻልም። የቆረጠውም የተከለውም ወገን ስም በብናኝ ውስጥ የለም፤ ይህን የምለው በዚህ ጉዳይ ላይ ዘር እየቆጠሩ መወነጃጀል ስላየሁ ነው፤ ያሳዝነኛል።

የዝናቡን ጉዳይ ለመለየት ብናኝ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ብናኝ ሰውንም ዝናብንም አብሮ ይቀዳል። ሰው የማይነካው ምስክር ያስፈልጋል። ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም ብያችሁ ነበር፤ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመጣል። ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ቀድሞ ይሄዳል፤ ከባዱ ይቀራል። ድርቅ ሲበረታ የሐይቁ ውሃ በከባዱ ኦክስጅን ይሞላል፤ በውሃው ውስጥ የሚፈጠረው ኖራ ደግሞ ያንኑ ይዞ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። የሐይቅ ኖራ በዚህ መንገድ የ2,000 ዓመት የአየር ንብረት መዝገብ ሰጥቷል። ዳያተም የሚባሉ ባለ መስታወት ቅርፊት ጥቃቅን ዋቅላሚዎችም አሉ፤ አንዳንዱ ጨዋማ ውሃ ይወዳል፣ አንዳንዱ ንጹሕ፣ አንዳንዱ በዳርቻ ይኖራል፣ ሌላው በጥልቁ ላይ ይንሳፈፋል። የትኛው እንደበዛ ሲቆጠር ሐይቁ ሞልቶ ወይም ጎድሎ እንደነበር ይታወቃል።

ከዚያ በፊት ያለውን ረጅም ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ምድር ከበረዶ ዘመን ስትወጣ ደጋችን እጅግ ደርቆ ነበር፤ ጣና እንኳ ያን ጊዜ ደርቆ የደንገል ረግረግ እንደነበረ ከወለሉ የወጣው ጭቃ ይናገራል። በኋላ ዝናቡ ተመለሰና ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን አብዛኛው ምሥራቅ አፍሪቃ ከዛሬው እጅግ የረጠበ ነበር፤ የምድር ዛቢያ አቀማመጥ በምድር ሰሜናዊ አጋማሽ የሰኔንና የሐምሌን ፀሐይ አበርትቶት ነው። በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር፣ በአውሳ፣ አዋሽ የሚያልቅበት የአቤ ሐይቅ ያኔ ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ የጥንቱ ዳርቻ ዛሬም በረሃው ላይ ይታያል። ሐዳርም፣ ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ቦታ፣ በዚያው ክፍለ ሀገር ነበር፤ አጥንቷን ያቆየልን የወንዝና የሐይቅ ደለል ነው።

አሁን ከውሃው ወጥተን ወደ ማሳ እንሂድ። አብዛኞቻችሁ የምትኖሩት ከሐይቅ ርቃችሁ ነው፤ ማንበቢያው ግን በየደጃችሁ አለ። ቦረቦር ውስጥ ገብታችሁ ግድግዳውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙ ቦታ የምታዩት እንዲህ ያለ ነው፤ ከላይ ጠጠርና ድንጋይ የተቀላቀለበት፣ ቀለሙ የደበዘዘ አፈር፤ ከሥሩ በድንገት ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጠጠር የሌለበት ድርብ። ያ ጥቁሩ በአንድ ወቅት የመሬቱ ፊት ነበር። ሣርና ዛፍ በቅሎበታል፤ ለብዙ መቶ ዓመታት በስብሶበት ጠቁሯል። ከላዩ ያለው ከተራራው ወርዶ የቀበረው ነው። በሁለቱ መገናኛ ላይ የከሰል ነጠብጣብ ካለ፣ ተራራው መታጠብ የጀመረው በእሳት ከተመነጠረ በኋላ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ነው፤ ከሰሉ ደግሞ ቀኑን ይነግራል።

ከጥቁሩ አፈር ሌላም ነገር ይነበባል። ዛፎች ካርቦንን የሚወስዱበት መንገድ ከቆላ ሣሮች፣ ከጤፍ፣ ከማሽላና ከበቆሎ ይለያል፤ ሁለቱም አፈሩ ላይ የየራሳቸውን የካርቦን ልክ ይተዋሉ። በባለሙያ መለኪያ የዛፉ ከዜሮ በታች 27 አካባቢ፣ የሣሩ ከዜሮ በታች 12 አካባቢ ነው። አፈሩ ሲለካ ወደ የትኛው እንደሚቀርብ ይታያል። ግን ወሎ ላይ ይህን የሚሠራ ሰው አንድ ወጥመድ እንዳለ ይወቅ፤ ገብስና ስንዴ እንደ ዛፉ ናቸው። የከፍተኛው ደጋ ሣርም ብዙው እንደዚያው ነው። በደላንታ ወይም በወረኢሉ ደጋ የገብስ ማሳ አፈር ወስዶ «እዚህ ደን ነበር» ማለት ይመጣል። ለዚህ ነው ካርቦኑ ብቻውን የማይታመነው፤ ከከሰልና ከብናኝ ጋር መስማማት አለበት።

ሐይቁና ቦረቦሩ የሚገናኙበት ቦታ አለ። የወሎ ተራራ አብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከእሱ የተፈጠረው አፈር ብረት ይበዛበታል። አፈሩ ታጥቦ ሐይቅ ሲገባ ጭቃው የማግኔት ጠባዩ ይጨምራል። የጭቃውን ዓምድ በመለኪያ ውስጥ እያሳለፉ ብቻ፣ ምንም ሳይቆርጡ፣ ተራራው መቼ መቼ አብዝቶ እንደታጠበ ማወቅ ይቻላል። ገበሬው ያጣው አፈር እዚያ ውስጥ ተቆጥሮ ተቀምጧል።

የእኔ ዋና ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ደን መመለስ ይችላል፤ ወሎ ላይ ተመልሶም ያውቃል። ከ1,800 ዓመት የክትክታ ዘመን በኋላ እንኳ ጥዱ ሊመለስ የቻለው፣ በእኔ ግምት፣ ሥሩን የሚሰድበት አፈር ገና ስለነበረ ነው። አፈር ግን እንደ ጥድ በነፋስ አይመጣም። ከደሴ ደቡብ ማይባር ላይ በ1981 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያና መሰሎቹ በየአካባቢው ጎርፉን በገንዳ እየያዙ ለክተዋል። ከእነዚህ ልኬቶች የተነሳው ግምት በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል። በውፍረት ሲሰላ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ በዓመት የሚተካው እንደየቦታው ከ2 እስከ 22 ቶን ተገምቷል። ልዩነቱን ራሳችሁ ቀንሱ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ያልሞላ አፈር የቀረውን ማሳ አስቡ።

ስለዚህ ስለ ወሎ ስንነጋገር ጥያቄውን እንቀይር ነው የምለው። «ደኑን ማን ጨረሰው» የሚለው 2,500 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል፤ እዚያ ስንደርስ የምንከሰው ሰው የለም። ዛፍ ብቻ ከተቆጠረም ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል፤ በ1937 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ዘመን የተነሱ የወሎ ፎቶግራፎች ከ60 ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ ድጋሚ ተነስተው ሲተያዩ፣ በኋለኛው የበዙት ዛፎች ነበሩ። አብዛኛው ገበሬው በየቤቱ ዙሪያ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። እርግጥ ባሕር ዛፍ የጥድ ደን አይሆንም፤ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ አፈር አይይዝም ብላችሁ ብትሞግቱኝ ብዙውን እቀበላለሁ። ገበሬው ግን ዛፍ አጥፊ ብቻ ተደርጎ መሳሉ ውሸት ነው። የዘመናችን አዲሱና አጣዳፊው ነገር የአፈሩ ፍጥነት ነው። እርከኑ፣ ክትሩ፣ ከንክኪ የሚከለለው ተዳፋት ከችግኝ ቁጥር ሪፖርት ቀድሞ መጠየቅ አለበት። በአንድ ክረምት ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ ሲባል ደስ ይለኛል፤ ከሥሩ የቀረው አፈር ስንት ጣት ነው ብዬም እጠይቃለሁ። እናንተም የየወረዳችሁን ኃላፊ ይህንኑ ጠይቁ።

በዚህ ሥራ ትልቅ ዋጋ ያላቸው ቦታዎች በእጃችን አሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየመስጊዱና በየመቃብሩ ዙሪያ የቆመው ጥድና ወይራ የተረፈ ደን ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈርም ያልታረሰ አፈር ነው። ከአጠገቡ ካለው ማሳ ጋር ጎን ለጎን ቢለካ ምን እንደጠፋ በትክክል ያሳያል። ያንን ቅጥር ለግንባታ ስትጠርጉ ዛፉን ብቻ አይደለም የምታጡት። የሐይቅና የሐርዲቦ ዳርቻ ረግረግም፣ ፊላውና ግራምጣው የበቀለበት፣ እየታረሰ ነው፤ ረግረጉ ጭቃውን ማጣሪያ ነው፣ መዝገብም ነው። የማይባር ትንሽ ሐይቅም አለች፤ የጎርፉ ልኬት በአጠገቧ ስላለ፣ የወለሏን ደለል ከዚያ መዝገብ ጋር ማስተያየት ለወጣት ተመራማሪ ጥሩ ሥራ ይመስለኛል።

ለመምህራን አንድ የምለምነው ነገር አለ። ተማሪዎቻችሁን ወደ ቦረቦር አውጧቸው፤ በበጋ ይሁን፤ በክረምት ግድግዳው ይናዳል። ግድግዳው በአካፋ ይላጥና ድርቦቹን ከላይ ወደ ታች በሜትር ይለኩ፤ ቀለሙን፣ ጠጠሩን፣ ሥሩን ይጻፉ። ጥቁሩ ድርብ ላይ ከሰል ከታየ በእጅ አይነካ፤ የእጅ ወዝ የዛሬ ካርቦን ነው፣ ወረቀትም ጥጥም እንዲሁ። በንጹሕ ቢላ ጫፍ ተነስቶ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅለል፤ ላዩ ላይ የቀበሌው ስም፣ ከመሬት ፊት ያለው ጥልቀት፣ የተገኘበት ቀን ይጻፍ፤ ግድግዳው ሳይነካ በፊት ሜትሩ እየታየ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ባለው ዩኒቨርሲቲ ለጂኦሎጂ ወይም ለአፈር ሳይንስ ክፍል ስጡት። መንገድ ሲቆረጥ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ግድብ ሲጠረግ የሚወጣውም እንዲሁ ነው፤ ቆፋሪዎቹ ሸፍነውት ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን በቂ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።